አፍንጫውን ዝቅ አድርግ፦ የልደታ ሜዳና የዝግታ በረራ ትምህርት

ከአውቶቡስ ተራ ወደ ሜክሲኮ የሚወርደው የከተማ ባቡር ሰባተኛን እንዳለፈ አብነት ላይ ይቆማል። ቀጥሎ ዳርማር፣ ከዳርማር በኋላ ልደታ ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ ምዕራብ ባለው ሰፈር የሚሠራ የታክሲ ረዳት "ኦልድ ኤርፖርት! ኦልድ ኤርፖርት!" እያለ ይጣራል፤ ተሳፋሪውም የቃሉን ትርጉም ሳያስብ ይገባል። የዛሬው ነዋሪ አብዛኛው እዚያ አካባቢ የመንገደኛ አውሮፕላን ሲያርፍ አላየም። ስሙ ግን እውነቱን ይዟል። ቦሌ ከመሠራቱ በፊት የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ልደታ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው ልደታን መነሻው አድርጎ ነው። ሜዳው ሰፊ የቅርብ ጊዜ ታሪክ አለው፤ እኔ ግን ከዚያ ታሪክ ውስጥ እምብዛም የማይነገርለትን አንድ ነገር ማንሣት እፈልጋለሁ፤ አብራሪ እንዴት ይማር እንደነበር፣ በተለይም አውሮፕላን በዝግታ መያዝንና ክንፍ ሲከዳ ማዳንን እንዴት ይለማመድ እንደነበር።

የበረራ ታሪካችን ሲጻፍ የፍጥነት ታሪክ ሆኖ ይጻፋል፤ ከዳኮታ ወደ ቦይንግ 720፣ ከ720 ወደ ድሪምላይነር እየተባለ በሞተሩ ብዛትና በመንገደኛው ቁጥር ይቆጠራል። ይህ አቆጣጠር ሐሰት ባይሆንም መሠረቱን ይሸፍናል። ከመሠረቱ ያለው የዝግታ ታሪክ ነው። ኢትዮጵያዊ አብራሪን አብራሪ ያደረገው አውሮፕላን ለመብረር በሚያስችለው የመጨረሻ ዝቅተኛ ፍጥነት ላይ ይዞ መቆየትን፣ ከዚያም ሲያልፍ አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ማዳንን በእጁ መማሩ ነው። የአዲስ አበባ ከፍታና የሳሳ አየሯ ደግሞ ይህን ትምህርት ከሌላው ዓለም ይልቅ እዚህ የግድ አድርገውታል። ባቡሩ የሚቆምበት ጣቢያ ስም የሆነው አብነት የሚለው ቃል ምሳሌ፣ መምህሩ አድርጎ ያሳየውን ደቀ መዝሙሩ ደግሞ የሚያደርገው ነገር ማለት ነው። ዜማና ቅኔ በዚህ መንገድ ከአፍ ወደ ጆሮ፣ ከእጅ ወደ እጅ እንደተላለፉ ሁሉ፣ ይህ የበረራ ትምህርትም በጠባዩ የአብነት ትምህርት ነው፤ ከመጽሐፍ ብቻ አይገኝም።

ነገሩ ለማያውቀው አንባቢ ግልጽ እንዲሆን አንድ የልምምድ ሰዓት በቅርብ እንመልከት። አስተማሪና ተማሪ ጎን ለጎን በተቀመጡባት ትንሽ አውሮፕላን በቂ ከፍታ ይያዛል፤ በአቅራቢያ ሌላ አውሮፕላን አለመኖሩ ግራና ቀኝ እየታጠፉ ይታያል። ከዚያ ተማሪው የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል፤ ከፍታው እንዳይወርድ ደግሞ መሪውን ቀስ እያለ ወደ ራሱ ይስባል። አፍንጫው ይነሣል፤ የነፋሱ ድምፅ እየሳሳ ይሄዳል፤ ቀደም ሲል ለጣት ይታዘዝ የነበረው መሪ ይላላል፤ በሰፊው ካላንቀሳቀሱት መልስ አይሰጥም። አብራሪዎች ስሎው ፍላይት የሚሉት ዝግተኛ በረራ ይህ ነው። እዚህ ላይ ለጀማሪ ግር የሚል ነገር አለ፤ ከተወሰነ ፍጥነት በታች ይበልጥ ዝግ ብሎ ለመብረር የሚያስፈልገው የሞተር ጉልበት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ተማሪው መሪውን መሳቡን ከቀጠለ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፤ የአውሮፕላኑ አካል ይንቀጠቀጣል፤ በመጨረሻም አፍንጫው በራሱ ይወድቃል፤ አንዳንዴም አንደኛው ክንፍ ቀድሞ ይዘነበላል። ይህ ስቶል ነው። መኪና የሚነዳ ሰው ቃሉን ሲሰማ ሞተር የጠፋ ይመስለዋል፤ የአውሮፕላን ስቶል ግን ከሞተሩ ጋር ግንኙነት የለውም። ክንፉ ከሚመጣው አየር ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከ15 ወይም ከ16 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ አየሩ የክንፉን ጀርባ ይለቃል፤ ክንፉም የመሸከም አቅሙን በድንገት ያጣል። ሞተሩ በሙሉ ጉልበት እየጮኸ እንኳ ሊደርስ ይችላል።

መድኃኒቱ ለመናገር ቀላል፣ ለማድረግ ከባድ ነው። መሬት ወደ ፊትህ እየመጣ ሳለ መሪውን ወደ ፊት መግፋት፣ አፍንጫውን ወደዚያው ወደ መሬት ማዞር ያስፈልጋል፤ ከዚያ ጉልበት መስጠት፣ ክንፉን በእግር ፔዳል ማስተካከል፣ ፍጥነት ሲመለስ ቀስ ብሎ ማንሣት። የሰው ልጅ ደመ ነፍስ ግን ተቃራኒውን ያዛል። የሚወድቅ ሰው ወደ ላይ ይንጠራራል፤ መሬት ሲቀርብ እጅ መሪውን ይስባል። መሳብ ደግሞ ማዕዘኑን ይጨምራል፤ ክንፉን ይበልጥ ይገድላል። ስለዚህ ይህ ትምህርት ለጭንቅላት ከሚሰጠው እውቀት ይልቅ ደመ ነፍስን ለመለወጥ የሚደረግ ሥልጠና ነው። ደመ ነፍስ ደግሞ በማንበብ አይለወጥም። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ፣ በአስተማሪ ፊት፣ በበቂ ከፍታ ላይ ሆኖ ክንፉ ሲከዳ እየተሰማ መደጋገም ይጠይቃል። የዜማ መምህር ተማሪው የሳተውን ሐረግ እንደገና እንደሚያስብለው፣ የበረራ መምህርም "አልጣመኝም፤ ድገመው" ይላል።

አሁን ወደ ልደታ ሜዳ እንመለስ። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ፀሐይ በጠነከረበት ከሰዓት በኋላ ጉድለቱ ከሩብ ያልፋል። በባሕር ጠረፍ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ላይ ስቶል የምታደርግ ትንሽ አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ስቶል ስታደርግ በእውነተኛ ፍጥነቷ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ እየሄደች ነው። የፍጥነት መለኪያው ግን አሁንም 90 ያሳያል፤ ምክንያቱም መለኪያው የሚያነበው የአየሩን ግፊት ነው። አብራሪው በዓይኑ መሬቱ በፍጥነት ሲያልፍ ያይና "ፍጥነት ተርፎኛል" ብሎ ይታለላል። ለማረፍ የሚያስፈልገው ሜዳ በሩብ ያህል ይረዝማል። ሞተሩም የሚተነፍሰው ያንኑ የሳሳ አየር ስለሆነ፣ አየር የሚያጭቅለት መሣሪያ ከሌለው የጉልበቱን አምስተኛ ያጣል፤ ስለዚህ ከስቶል ሲወጣ "ጉልበት ስጥ" የሚለው ትእዛዝ እዚህ ያነሰ ምላሽ ያገኛል። በዚህ ላይ መታጠፍ ሲጨመር ሒሳቡ ይከብዳል። ክንፉን 45 ዲግሪ አዘንብሎ ከፍታ ሳይለቅ የሚታጠፍ አውሮፕላን የስቶል ፍጥነቱ ከ90 ወደ 107 ይወጣል፤ በ60 ዲግሪ ደግሞ ወደ 127። በሰሜን የእንጦጦ ተራራ ባለበት ከተማ፣ ሞተሩ በደከመበት፣ ተነሥቶ ወዲያው መታጠፍ የግድ በሆነበት ሜዳ፣ እያንዳንዱ መነሣት በራሱ የዝግታ በረራ ልምምድ ነበር ማለት ይቻላል። ይህ የኔ የክርክር ዋና ማስረጃ ነው። ሰነድ ሊጠፋ፣ ሰው ሊረሳ ይችላል፤ የአየሩ ቅጥነት ግን ከመጀመሪያው አውሮፕላን እስከ ዛሬው ድረስ አልተለወጠም።

የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ፖቴዝ 25 የተባለውን ባለ ሁለት ክንፍ አውሮፕላን ከጅቡቲ አብርሮ አመጣ። ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ ኢትዮጵያውያን ራሳቸው መማር ጀምረው ነበር። ከሩሲያዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደው ሚሽካ ባቢቼፍ ነሐሴ 26 ቀን 1922 ዓ.ም.፣ አስፋው ዓሊ ደግሞ መስከረም 24 ቀን 1923 ዓ.ም. ያለ አስተማሪ ብቻቸውን በረሩ። በዚያው ወቅት የሆነ ሌላ ነገር ከዚህ ጋር ቢነጻጸር ብዙ ያስተምራል። ከሐርለም የመጣው ስመ ጥሩው ሁበርት ጁሊያን ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ከዋለው የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ በዓል ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ለበዓሉ በስጦታ የመጣችውን ሞዝ የተባለች ትንሽ አውሮፕላን ባሕር ዛፍ ላይ ጣላት። ጁሊያን አውሮፕላኗ ተነካክታለች ብሎ ተከራከረ፤ ሌሎች ችሎታውን ጠየቁ። ማንም ይርታ፣ አንድ ነገር ግልጽ ነው። ሞዝ ለእንግሊዝ ቆላ ሜዳ የተሠራች፣ ጉልበቷ ትንሽ የሆነ አውሮፕላን ናት፤ አዲስ አበባ ላይ በዝቅታ ለሚበርባት ሰው የምትሰጠው የስሕተት ቦታ እጅግ ጠባብ ነው። ሚሽካና አስፋው በዚያው አየር ላይ ተምረው በዚያው አየር ላይ ብቻቸውን ወጥተው ተመለሱ። ልዩነቱ በድፍረት አልነበረም፤ ድፍረትማ ጁሊያን አላነሰውም።

ያ ዘመን ዓለም ራሱ ይህን ትምህርት ገና የተማረበት ዘመን መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ጀርመናዊው ኦቶ ሊሊየንታል ከ2,000 በላይ ጊዜ በገዛ ክንፎቹ ከተንሸራተተ በኋላ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 1896 ነፋስ አፍንጫውን ቢያነሣበት ክንፉ ከዳው፤ ከ15 ሜትር ገደማ ወድቆ በማግስቱ ሞተ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 25 ቀን 1912 እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ፓርክ አውሮፕላኑ እየተሽከረከረ ሲወድቅበት ደመ ነፍሱን ተቃውሞ ፔዳሉን በተቃራኒ በመርገጡ መሬት ሊነካ ጥቂት ሜትሮች ሲቀሩት ተረፈ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ግን በሌላ አደጋ ሞተ። አንድ ሰው በአጋጣሚ ያገኘው ብልሃት ትምህርት የሆነው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ሮበርት ስሚዝ ባሪ በጎስፖርት የከፈተው ትምህርት ቤት የድሮውን ሥርዓት ገለበጠው። ቀድሞ ተማሪው ከአደገኛው ነገር እንዲርቅ ይመከር ነበር፤ ስሚዝ ባሪ ግን ተማሪው ሆን ብሎ አደጋው ውስጥ ገብቶ በገዛ እጁ እንዲወጣ አስገደደ። አስተማሪው በጎማ ቱቦ በተማሪው ጆሮ ይናገር ነበር። ያ ቱቦ ለኔ ትልቅ ምልክት ነው፤ ትምህርቱ የተጻፈ ትእዛዝ መሆኑ ቀርቶ በሚወድቀው ሰው ጆሮ የሚሰማ የመምህር ድምፅ ሆነ። ከአገራችን የአብነት ልማድ ጋር የሚገናኘውም እዚህ ላይ ነው።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ልደታ የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ ሆነ፤ ከነፃነት በኋላም በዚያው ቀጠለ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የጎስፖርት ልጅ ልጆች የሆኑ ሦስት የትምህርት ጅረቶች ኢትዮጵያ ውስጥ ተገናኙ። አንዱ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ነው። በቺካጎ የከርቲስ ራይት ትምህርት ቤት የተማረው ይህ ጥቁር አሜሪካዊ በ1927 ዓ.ም. መጥቶ በጦርነቱ ጊዜ የኢትዮጵያን ጥቂት አውሮፕላኖች መርቷል፤ በ1936 ዓ.ም. ተመልሶም ወጣት ኢትዮጵያውያንን አስተምሯል። እሱ በተማረበት ዘመን በአሜሪካ ፈቃድ የሚፈልግ አብራሪ ሁሉ ስቶልን ብቻ ሳይሆን ሽክርክሪትንም፣ ማለትም እየተሽከረከሩ መውደቅን፣ ገብቶ መውጣት ግዴታው ነበር። ሁለተኛው ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነው፤ በጣሊያን ጦርነት ጊዜ የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ያበረረ፣ ከጦርነቱ በኋላ ቢሾፍቱ ላይ የአየር ኃይሉን ሥልጠና የመራ ሰው። ግንቦት 1 ቀን 1939 ዓ.ም. ሳብ ሳፊር የተባለችውን ትንሽ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ከስቶክሆልም ተነሥቶ 6,220 ኪሎ ሜትር ሳያርፍ በ30 ሰዓት ከ52 ደቂቃ አዲስ አበባ አደረሳት። ሳፊር መምህርና ተማሪ ጎን ለጎን የሚቀመጡባት አውሮፕላን ስለሆነች መምህሩ የተማሪውን እጅና እግር ያያል፤ ተማሪውም የመምህሩን። ሦስተኛው የአየር መንገዱ ሸሪክ የነበረው የአሜሪካው ቲደብሊውኤ ነው። በእሱ ሥር የጀመሩ ኢትዮጵያውያን በዳኮታ ወደ ክፍለ ሀገር የሣር ሜዳዎች እየበረሩ አደጉ፤ ከነሱም ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ እ.ኤ.አ. በ1957 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአየር መንገድ ካፒቴን ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። የአየር ኃይል ትምህርት ቤት ቢሾፍቱ ከነበረ፣ ልደታ የመንገደኛና የጭነት ሜዳ ብቻ አልነበረም? ለምን የዝግታን ትምህርት ከልደታ ጋር ማያያዝ አስፈለገ? መልሴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ሜዳማ አገር ነው፤ ከልደታ 400 ሜትር ዝቅ ይላል፤ ዙሪያውም ክፍት ነው። ስቶል ለመለማመድ ከበታች ብዙ ባዶ አየርና ገላጣ መሬት ያስፈልጋል፤ ለጀማሪ ተማሪ እንዲህ ያለ ሜዳ መመረጡ የሚያስገርም አይደለም፤ የልደታን ክብደት ራሱ ይመሰክራል። ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤት የሚያስተምረውን ሜዳ ይፈትነዋል። ከጅማ ቡና ጭኖ ወይም ከጎንደር መንገደኛ ይዞ ወደ ልደታ የሚመለስ ዳኮታ በሳሳ አየር፣ ሜዳውን ላለመጨረስ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ግን ከስቶል ጠርዝ በላይ ጠብቆ መውረድ ነበረበት። ፍጥነት ቢበዛ ሜዳው ያልቃል፤ ቢያንስ ክንፉ ይከዳል። በሁለቱ መካከል ያለውን ጠባብ መንገድ በእጁ የማያውቅ አብራሪ እዚያ አይኖርም ነበር። ቢሾፍቱ ፊደሉ ከሆነ ልደታ ንባቡ ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው፤ ልምምዱ ራሱ ይገድላል የሚለው። ይህን በቀላሉ ማለፍ አይቻልም። ኮሎኔል ሮቢንሰን ራሱ ትንሽ አውሮፕላን ሲያበርር ወድቆ በደረሰበት ጉዳት መጋቢት 18 ቀን 1946 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አርፏል። ያን ያህል የበረረ፣ ያን ያህል ያስተማረ ሰው እንኳ ትንሽ አውሮፕላን ይቅር አላለውም። የአሜሪካ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ1949 ሽክርክሪትን ከግል አብራሪ ፈተና አውጥቶታል፤ ምክንያቱም በልምምዱ የሚሞተው ሰው ቁጥር ከሚያድነው ጋር ሲመዘን ሚዛኑ ወደ ጉዳቱ ያደላ መሰላቸው። እኔ ይህን ውሳኔ ስሕተት ነው አልልም። ነገር ግን ምን እንዳስቀሩና ምን እንዳስቀመጡ በጥንቃቄ ይታይ። ሽክርክሪቱን አስቀሩ፤ ስቶሉን ግን አላስቀሩም። እንዲያውም ትኩረቱን ቀድሞ ወደ ማወቅ፣ ገና መሪው ሲላላ፣ ገና አካሉ ሲንቀጠቀጥ ወደ ማዳን አዞሩት። እ.ኤ.አ. በ2016ም የዝግተኛ በረራ ፈተናውን ለውጠው ማስጠንቀቂያው ከሚጮኽበት ፍጥነት ትንሽ ከፍ ብሎ እንዲበረር አደረጉ፤ ተማሪ ጩኸቱን እየሰማ እንዳይለምደው በማሰብ። ይህ ማሻሻያ የጥንቱን ትምህርት ያጠራዋል እንጂ አይሽረውም። ተቃውሞው እውነት የሚሆነው ልምምዱ በዝቅታ፣ ያለ ብቁ መምህር፣ ለትዕይንት ሲደረግ ነው። በበቂ ከፍታ፣ በመምህር ፊት ሲደረግ ግን መሬት ሳይኖር የሚደረግ ውድቀት ነው፤ ሰው ሳይሞት የሚማርበት።

ሌላው ተቃውሞ ከዘመኑ ጋር የመጣ ነው። ልደታ ለጄት አውሮፕላን አልበቃ ብሎ ቦሌ ተሠራ፤ በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 መጣ፤ የዛሬው አውሮፕላን ደግሞ ኮምፒዩተሩ ራሱ ስቶልን ይከለክላል፤ ታዲያ የትንሽ አውሮፕላን ልምምድ ለምን ያስፈልጋል ይላሉ። ዓለም ለዚህ መልሱን በውድ ዋጋ ገዝቶታል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2009 ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ የኮልጋን አየር መንገድ አውሮፕላን ፍጥነቱ ወርዶ ማስጠንቀቂያው ሲመጣ ካፒቴኑ መሪውን ሳበ፤ መሬት ላይ የነበረ አንድ ሰው ጨምሮ 50 ሰው ሞተ። በዚያው ዓመት ሰኔ 1 ቀን ከሪዮ ደ ጃኔሮ ወደ ፓሪስ ይበር የነበረው የኤር ፍራንስ ኤርባስ የፍጥነት መለኪያው በበረዶ ሲታወክ መቆጣጠሪያው ወደ ሰው እጅ ተመለሰ፤ አብራሪው አፍንጫውን አነሣ፤ አውሮፕላኑ ከ11,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ስቶል እንዳደረገ አትላንቲክ ላይ ወደቀ፤ 228 ሰው አለቀ። በሁለቱም ጊዜ የጎደለው እውቀት ልደታ ላይ የሚያርፍ የዳኮታ አብራሪ ያውቀው የነበረው እውቀት ነው። ከዚያ በኋላ ነው የዓለም ተቆጣጣሪዎች የአየር መንገድ አብራሪዎች ስቶልን ሙሉ በሙሉ ገብተው እንዲወጡ የሚያስገድድ ሥልጠና ያመጡት።

የራሳችንን ሐዘን ሳላነሣ ባልፍ ጽሑፉ ይጎድላል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከስድስት ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ፤ 157 ሰዎች አለቁ። የአውሮፕላኑ ክንፍ ከአየሩ ጋር ያለውን ማዕዘን የሚለካው አንድ መሣሪያ ተሳሳተ፤ ኤምካስ የተባለው ሥርዓትም አፍንጫው ከልክ በላይ ተነሥቷል ብሎ አምኖ በተደጋጋሚ ወደ መሬት ገፋው። የስቶል ልምምድ እነዚያን ሰዎች ያድን ነበር አልልም፤ እንዲህ ማለት በሟቾችና በአብራሪዎቹ ላይ ግፍ ነው። ጥፋቱ የሥርዓቱ ነበር። የምለው ሌላ ነው። "አፍንጫውን ዝቅ አድርግ" የሚለው እጅግ ትክክለኛ ትእዛዝ ከሰው እጅ ወጥቶ፣ በአንድ መሣሪያ ምስክርነት ብቻ ለሚያምን ሣጥን ሲሰጥ ገዳይ ሆነ። አብራሪ ስቶልን በመሪው መላላት፣ በነፋሱ ድምፅ፣ በአካሉ መንቀጥቀጥ፣ በአድማሱ አቀማመጥ ያውቀዋል፤ ብዙ ምስክር አለው። ስለዚህ ይህ እውቀት ሙሉ በሙሉ ወደ ማሽን የሚዛወር አይደለም፤ ማሽኑ ቢረዳው እንጂ አይተካውም።

በመጨረሻ ስለ ባለቤትነት የሚነሣ ክርክር አለ። ሜዳው በወረራ ዘመን የተስፋፋ፣ መምህራኑ የውጭ ሰዎች፣ ብልሃቱ የጎስፖርት ከሆነ የእኛ የሚባለው ምኑ ነው? ይህ ጥያቄ እውቀትን እንደ ርስት ከመቁጠር የሚመጣ ነው። ሚሽካና አስፋው ከወረራው በፊት ብቻቸውን በረዋል። በ1928 ዓ.ም. የተጠናቀቀችው ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ፀሐይ፣ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር እዚሁ አገር የሠራት ናት፤ ጣሊያን ወስዷት ለብዙ አሥርት ዓመታት በሙዚየም ካቆያት በኋላ ጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች። የማይወሰድም የማይመለስም አንድ ነገር ግን ሁልጊዜም የእኛ ነበር፤ እሱም አየሩ ነው። ስዊድናዊውም ሆነ አሜሪካዊው በአገሩ የተማረውን ቁጥር ይዞ መጥቶ እዚህ እንደገና መማር ነበረበት። ዜማ ከየትም ይምጣ፣ በአንድ ደብር ለብዙ ዘመን ሲባል የደብሩ ይሆናል። በሳሳ አየር ላይ በዝግታ የመብረር ብልሃትም በዚህ ከፍታ ለዘጠና ዓመት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የእኛ ሆኗል።

ልደታ ዛሬ ኮንዶሚኒየምና ባቡር ሆኗል፤ ከተማ ይለወጣል፤ በዚህ አላዝንም። የሚያሳዝነው አንድ ሰፈር ኦልድ ኤርፖርት እየተባለ ሲጠራ፣ ስሙን ያስገኘው ነገር ምን እንደነበር የሚናገር አንድ ምልክት እንኳ ለአላፊ አግዳሚው በግልጽ ቢቆም ምን ያህል ያስተምር እንደነበር ማሰብ ነው። ከዚያ የሚበልጠው ግን ሰው ነው። በዳኮታና በሳፊር የተማሩ፣ ከዚያም ያስተማሩ አንጋፋ አብራሪዎች በሕይወት ባሉበት ጊዜ፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ቴፕ ይዘው ይቀመጡ፤ "መሪው ሲላላ ምን ይሰማሃል? ክንፉ ሲከዳ እጅህ ምን አደረገ?" ብለው ይጠይቁ፤ መልሱን ይጻፉ። የበረራ ትምህርት ቤቶቻችንም ለተማሪው የሚሰጡትን የሲሙሌተር ሰዓት ሲያበዙ፣ በእውነተኛ አየር ላይ፣ በመምህር ፊት ክንፍ ሲከዳ የሚሰማበትን ሰዓት አይቀንሱ። ይህ እውቀት የሚኖረው በሰው እጅ ውስጥ ነው፤ አንድ ትውልድ ካልደገመው ይጠፋል።